ማይነስ ስድስት ተኩል

ሀርጌሳ፣ 26 ጁን ሰፈር
ጥቅምት 4 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ዳሂርና ለእትዬ ብርቅነሽ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናችሁ እንዴት ነው? የድሬዳዋ ሙቀት በረደላችሁ? አላህ ቤታችሁን ከክፉ ሁሉ ይከልልልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የእናቴን ቤት አገኘሁት። ግድግዳው ቆሟል፤ ቆርቆሮው፣ በሩና መስኮቱ ግን ተወስዷል። ሁለቱን ክፍል በሸራ ሸፍኜ ገብቼበታለሁ። ጠዋት ጠዋት አዲስ በተከፈተው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ።

የምጽፍላችሁ ስለ ዴቆ ነው። በ1980ው የአውሮፕላን ድብደባ የሞተችው ታላቅ እህቴ ትታት የሄደችው ልጅ ናት። እስካሁን አርትሼክ የስደተኞች መጠለያ ከአባቷ እናት ጋር ነበረች፤ አሮጊቷ ሲያርፉ ወደ እኔ መጣች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ይዘዋት የመጡት ዘመዶች ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው፣ «ብትለፊባትም ትምህርት አይገባትም፤ ደግሞ ኩራተኛ ናት፣ ሰው ሰላም አትልም» አሉኝ። እውነትም ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አንብቢ ስላት ዝም ትላለች። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሰነፍ መስላኝ ነበር።

ያለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ልጆቹ ከፊታችን ኳስ ይመታሉ። ከመንገዱ ዳር ፈንጂ ያልተጠረገበት ሜዳ አለ፤ ዙሪያውን ቀይ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ተደርድሮበታል። እዚህ የሁለት ዓመት ሕፃን እንኳ ቀይ ድንጋይ ካየ ይዞራል። ኳሷ ወደዚያ ስትንከባለል ሁሉም ቆሙ፤ ዴቆ ግን ቀጥ ብላ ተከተለቻት። ስሟን ጠርቼ ጮህኩ። ስትቆም ድንጋዩ ከእግሯ ሁለት እርምጃ ነበር።

እጇን ይዤ እየጎተትኩ፣ «ቀዩን ድንጋይ አታዪም?» አልኳት።

«የቱን ድንጋይ?» አለችኝ።

አጎቴ፣ ቁጣዬ እዚያው ከዳኝ። ቤት እንደገባን ግድግዳው ላይ በከሰል ምልክቶች ሣልኩና ስድስት ሜትር ለክቼ አቆምኳት። ከትልቁ በቀር ምንም አላየችም። ከዚያ እርስዎ መነጽር ሱቅዎ ውስጥ እንዳስተማሩኝ ካርቶን በመርፌ ወግቼ በቀዳዳዋ እንድታይ ሰጠኋት። ሦስት ረድፍ ወረደች። በቀዳዳ ያየ ዓይን በመነጽር ያያል ብለውኝ አልነበር? ልጅቷ ደንቆሮ አይደለችም፤ ሩቅ አይታያትም እንጂ። እንደ እርስዎና እንደ እኔ የቤተሰባችን ዓይን ነው የደረሳት።

እባክዎ የመነጽር መለኪያውን ሳጥን ለአንድ ወር ያውሱኝ። የጫት መኪና የሚነዳው ቡራሌ በሦስት ቀን ያደርስልኛል። ደስታዬ ከልክ በላይ ሆኖ ሁለት ቀን ምግብ ረስቻለሁ።

አክባሪያችሁ ሻምሶ


ድሬዳዋ
ኅዳር 21 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለሻምሶ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ፈጣሪ ያስጠለለሽን ግድግዳ ያጽናልሽ፣ የሸራውን ጣራ በቆርቆሮ ይለውጥልሽ። እኛ ደህና ነን። አጎትሽም ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሻል። ሥራ ስለበዛበት እኔ ጻፍኩልሽ። መልሱ ስለዘገየ አትቀየሚን።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ቀዩ ድንጋይ ጋ ስደርስ እጄን ያዘኝ። ሳጥኑን ለጊዜው መላክ አልተቻለም። በሱ ፈንታ ሦስት መነጽር ልከናል፤ ማይነስ አራት፣ ማይነስ አምስት ተኩልና ማይነስ ስድስት ተኩል። አጎትሽ የሚልሽን እንዳለ ልጻፍልሽ፦

«ከትንሹ ቁጥር ጀምሪ። አንዱን ዓይን ሸፍነሽ አንዱን ለኪ። ጥርት አድርጎ ካሳያት ቁጥር በላይ አትጨምሪባት፤ አሳንሰሽም አትስጫት። መነጽር ዓይን ያሰንፋል የሚልሽን አትስሚ። መነጽር ዓይንን አያሰንፍም፤ ያላየ ዓይን ግን ልጅን ያሰንፋል። በየዓመቱ እንደገና ትለካ፤ በዚህ ዕድሜ ቁጥሩ ይሮጣል።

«እንዳይሮጥ ምን ይደረግ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። የቤተሰብ ዓይን ነውና ጨርሶ አይቆምም። ግን መጽሐፍ ከአፍንጫዋ ጋር አታጣብቅ፣ ክንዷን ያህል ታርቀው። ትንሽ ካነበበች ቀና ብላ ሩቅ ትይ። ከሁሉም በላይ ቀን ከቤት አውጪያት። መጽሐፍ ላይ ያገኘሁት አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሱቄ ቁጭ ብዬ ያየሁት ነው። ግመል ጠባቂ ልጅ መነጽር ሊገዛ መጥቶ አያውቅም፤ የነጋዴ ልጅ ግን በየሳምንቱ ይመጣል።»

ይኸው ነው። ዴቆን ሳሚልን።

ብርቅነሽ


ሀርጌሳ
ታኅሣሥ 9 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለተወደዳችሁ አጎቴና እትዬ ብርቅነሽ፣

አላህ እጃችሁን አያንጥፈው፤ የሰጣችሁንም እጥፍ አድርጎ ይመልስላችሁ።

ከየት ልጀምር? ማይነስ አራትን ሳደርግላት «ይሻላል» አለች። አምስት ተኩሉን ሳደርግላት ምልክቶቹን ትቆጥር ጀመር። ስድስት ተኩሉን ሳደርግላት አንገቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ማዶ ወተት የምትሸጥ ሴት አለች፤ ዴቆ በድምጿ ብቻ ነበር የምታውቃት። ሴትዮዋ በየቀኑ እንደምታደርገው ፈገግ አለችላት።

«አክስቴ፣ ለእኔ ነው የምትስቀው?»

«ለአንቺ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ስትስቅልሽ ነበር።»

ሮጣ ወጥታ ጨበጠቻት። ኩራተኛ የተባለችው ልጅ ያን ቀን ሰፈሩን ሁሉ ሰላም ስትል ዋለች። ከሰዓት በኋላ የግቢያችን ግንብ ላይ ወጥታ ቀዮቹን ድንጋዮች ቆጠረች። ሃያ ሦስት ናቸው። ቆጥራ ስትጨርስ ፊቷ አመድ መሰለ። «በዚህ በኩል ስንት ቀን አልፌያለሁ?» አለችኝ። እቅፍ አደረግኋት።

ጎረቤቴ አስሊ ግን መጥታ ትቆጣኛለች። «ሴት ልጅ ላይ መስታወት ጭነሽ ማን ሊያገባት ነው? ዓይኗም ይለምደውና ይጠፋል» ትለኛለች። ትናንት ዴቆ ራሷ መለሰችላት፦ «አስሊ፣ የሚያገባኝ ሰው ሲመጣ ከሩቁ እንዳየው ነው።» አስሊ እስክትደክም ሳቀች።

ሌላም አለ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስልሳ ሁለት ልጆች በከሰል ሰሌዳዬ ለካሁ። ሰባቱ ሩቅ አይታያቸውም። ሦስቱ ከኋላ የተቀመጡ «ሰነፎች» ናቸው። ወደ ፊት አመጣኋቸው። የአጎቴን ምክር ይዤም ንባቡን ከትምህርት ቤቱ ግንብ ጥላ ሥር አደረግኩት፤ ዕረፍቱንም በእጥፍ አስረዘምኩት። ርዕሰ መምህሩ ተቆጥቶ መጣና ልጆቹን አይቶ ተመለሰ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ከዚህ በፊት አጎቴ ከደብዳቤው ግርጌ በራሳቸው እጅ አንድ መስመር ሳይጨምሩ ቀርተው አያውቁም። አሁን ምነው? ቅር አሰኘኋቸው? ሳጥኑንም ቢያውሱኝ ብዬ በድጋሚ እለምናለሁ። ሰባት ልጆች ይጠብቁኛል።

ሻምሶ


ድሬዳዋ
መጋቢት 17 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለሻምሶዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ያለሽበትን አገር ፈጣሪ ያርጋው።

ሳጥኑን ልኬልሻለሁ። ፍሬምም ሃያ ያህል አለበት። ሌንሶቹም በየቁጥራቸው በወረቀት ተጠቅልለዋል፤ እኔ ነኝ የጠቀለልኳቸው። መመለስ አያስፈልግም። እዚህ አሁን ብዙ አይፈለግም።

አጎትሽ አልተቀየመሽም። ስለ ዴቆና ስለ አስሊ ስነግረው ብዙ ጊዜ ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቀ። የከርሞ ሰው ይበለን።

ብርቅነሽ


ሀርጌሳ
ሚያዝያ 2 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርቅነሽ፣

አላህ ጤና ይስጥልኝ። ሳጥኑ ደረሰ። ከፍቼ ሳየው እንደ ልጅ ዘለልኩ። ሰባቱም ልጆች መነጽር አደረጉ፤ አንዷ አዘውትሮ የሚያማትን ራስ ምታት ረሳችው። ከመሐመድ ሞጌ ሰፈር ድረስ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ዴቆ በአገሩ ቋንቋም በአማርኛም መዝገብ ትይዝልኛለች። ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታለች።

ደስታዬን ጽፌ ስጨርስ ግን እጄ ቆመብኝ። እትዬ፣ እኔ እዚያ ሱቅ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። መነጽር ሠሪ ሳጥኑን ያውሳል እንጂ ጨርሶ አይሰጥም። ቡራሌ በሦስት ቀን ይደርሳል፤ የእርስዎ መልስ ግን ሦስት ወር ይፈጃል። ቡራሌን ስጠይቀው መሪውን እያየ «እነሱ ይንገሩሽ» አለኝ። እኔ ለእናንተ ልጅ ነኝ። ክፉም ቢሆን ይንገሩኝ። ሳልሰማ ከምፈራ፣ ሰምቼ ብፈራ ይሻለኛል።

ልጅዎ ሻምሶ


ድሬዳዋ
ሐምሌ 12 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለልጄ ለሻምሶ፣

ፈጣሪ ልብሽን ያበርታው። ደብዳቤሽን ሳላነብለት ሦስት ወር በትራሴ ሥር አኖርኩት። ትናንት አነበብኩለት። ስጨርስ «ጻፊላት» አለኝ።

አጎትሽ አያይም። የግራ ዓይኑ ድሮም ደካማ እንደነበር ታውቂያለሽ። የቀኙ የጠፋው አምና ነሐሴ ነው፤ አንቺ ከሄድሽ ወር አልሞላም። በመጀመሪያ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል አለኝ፤ እንደ መብረቅ፣ ከዓይኑ ጥግ። በማግስቱ ትንኝ የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ፊቱ ላይ ይዋኝ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ከጎን ጥቁር መጋረጃ ገባ። «አቧራ ነው፣ ይለቃል» አለ። እኔ ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው፣ «መነጽር ሠሪው ዓይኑን ታመመ ይበሉኝ?» ብሎ ተቆጣኝ። ሃያ ሦስት ቀን ቆየ። መጋረጃው ሲዘጋ አዲስ አበባ ወሰድኩት። ሐኪሙ ያለውን አልረሳም፦ «ብዙ ማይነስ ያለበት ዓይን ይረዝማል። ሲረዝም ከበስተኋላው ያለው ስስ ሽፋን ይሳሳል፤ ይቀደዳል፤ ይላቀቃል። አባቴ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢመጡ ኖሮ ልናተርፈው እንችል ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣም። ሱቁን ዘጋን። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ፣ ከሁሉ በላይ ለአንቺ። በእሱ ዓይን የምትተማመኚ ልጅ ነሽና አፈረ።

አሁን ግን ራሱ እንዲህ በይ አለኝ፦ «ሻምሶ፣ የአንቺም የዴቆም ዓይን የእኔ ዓይን ነው። መነጽር ያሳያችኋል እንጂ ዓይናችሁን አያሳጥረውም። ብልጭታ፣ የትንኝ መንጋ፣ መጋረጃ። ከሦስቱ አንዱን ያየ ሰው አያሳድር። አያምም፤ ስለማያምም ነው ሰው የሚዘናጋው። ከመነጽር ጋር ይህንንም ንገሪ። እኔ ለደንበኞቼ አላልኩም፤ አንቺ በይ።»

ዴቆን ኳስ ፊቷን እንዳይመታት ጠብቂልን።

ብርቅነሽ


አርትሼክ መጠለያ
ኅዳር 17 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለአጎቴና ለእትዬ ብርቅነሽ፣

በአላህ ስም። ይህን ደብዳቤ የምታደርስላችሁ ዴቆ ራሷ ናት። ሰላምታዬን ከእሷ ፊት አንብቡልኝ።

ሀርጌሳ ውስጥ እንደገና ውጊያ ተነሣ። መጀመሪያ ከአየር ማረፊያው በኩል ነበር የሚሰማው፤ ኋላ ሰፈራችን ገባ። ሰው ሁሉ ወጣ። ፍራሹን ትተን ሳጥኑን ይዘን ወጣን። ቡራሌ መኪናው ላይ ሲያሳፍረን ሰው ተገፋፋና የመኪናው በር የዴቆን የቀኝ ፊት መታት። ዓይኗ አበጠ፤ መነጽሯ አልተሰበረም። ሁለት ቀን ደህና ነበረች።

ዛሬ ጠዋት ውሃ ስትቀዳ ቆመችና፣ «አክስቴ፣ ጥርት ያለ ሰማይ ነው፣ መብረቅ ግን አለ» አለችኝ። ሰማዩ ላይ ምንም የለም። ዓይኗን ብትጨፍንም መብረቁ አለ። ትንኝም አለ። ከታች በኩል ደግሞ ቀጭን ጥላ።

ዙሪያዬ ያሉት «ድንጋጤ ነው፣ እረፍት ያሻታል» አሉ። የሐምሌውን ደብዳቤ ባላነብ ኖሮ እኔም እንደዚያ ብዬ አስተኛት ነበር። ቡራሌ መኪናውን አስነሥቶ ይጠብቀኛል። እኔ አብሬ እንዳልመጣ የአስሊ ሦስት ልጆች በእጄ ናቸው፤ እሷ የት እንደወጣች ገና አልታወቀም።

አጎቴ፣ አደራ።

ሻምሶ


ድሬዳዋ
ታኅሣሥ 24 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለልጄ ለሻምሶ፣

ፈጣሪ በለቅሶ የጀመርነውን በደስታ የሚያስጨርስ ነው። መጀመሪያ ይህን ስሚ፦ ዴቆ ታያለች። አሁን የሆነውን ልንገርሽ።

ያን ዕለት ቡራሌ በራችን ላይ ሲቆም መሽቶ ነበር። ልጅቷ ደብዳቤሽን ዘርግታ ሰጠችኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። አጎትሽ አልጋው ላይ ነበር፤ ተነሥቶ በዳበሳ ወደ እሷ ሄደና ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ።

«ጥላው ከየት በኩል ነው?»

«ከታች፣ ከአፍንጫዬ በኩል።»

«ከጠዋቱ ሰፍቷል?»

«ትንሽ።»

ዞር ብሎ «ብርቅነሽ፣ ጫማዬ የት ነው?» አለኝ። ሻምሶዬ፣ ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ ጫማ አድርጎ አያውቅም። «ጠዋት እንሂድ» ብለው፣ «ጠዋት የሚባለውን እኔ ሞክሬዋለሁ» አለ። ቡራሌ መኪናውን አዞረ። ሌሊቱን ተጉዘን በማግስቱ አዲስ አበባ ገባን። አጎትሽ መንገዱን ሙሉ ራሷን ደግፎ እንዳትናወጥ ያዛት፤ ክንዱ ዝሎ እንኳ አልለቀቀም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው «ተራ ያዙ» አለን። አጎትሽ በዱላው መሬቱን መታ። «እኔን እየኝ» አለ። «ስጠብቅ ቆይቼ እንዲህ ሆንኩ።» አንዲት ነርስ ሰምታ ዴቆን በእጇ ይዛ ገባች።

ሐኪሙ ረጅም ጊዜ አያት። ሲወጣ «ተቀድዷል፤ ጠርዙም መነሣት ጀምሯል። መሃሉን ግን አልነካውም» አለ። «ማን ነው ዛሬውኑ አምጡ ያላችሁ?» ዴቆ የአጎትሽን እጅ ይዛ «እሱ ነው» አለች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ቀዳዳውን በቅዝቃዜ አጣበቁት፤ በግራ ዓይኗም የሳሳ ቦታ አግኝተው ቀድመው ዘጉላት። አሥራ አምስት ቀን ተኛች። ፋሻው ሲነሣ ሐኪሙ ጣቱን አሳያት፤ ቆጠረች። ሰሌዳውን አሳያት፤ በመነጽሯ አምስተኛው ረድፍ ድረስ ወረደች። አጎትሽ የሰሌዳውን ረድፎች በቃሉ ያውቃቸው የለ? አብሯት ሲወርድ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። እኔም አልቀረሁም።

በእነዚያ ቀናት መተላለፊያው ላይ ተቀምጦ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ ሁሉ ሲያልፍ እንዲጠቁመው ለቡራሌ ነገረው። ያስቆማቸውና ይነግራቸዋል። «እኔ መነጽር ሠሪ ነኝ፤ ዓይኔ የጠፋው እንዲህ ነው» ይላል። የሚያፍርበትን ነገር አሁን እንደ ሙያው ያወራዋል።

ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ ሱቁን ከፍተናል። ዴቆ ትለካለች፣ እሱ ይጠይቃል፣ እኔ እጽፋለሁ። ልጅቷ እስክትጠነክር እዚሁ ትማር። አንቺስ? የአስሊ ነገር ምን ደረሰ?

ብርቅነሽ


አርትሼክ መጠለያ
የካቲት 6 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣ ለእትዬና ለልጄ ለዴቆ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ለሰማሁት ነገር ምስጋናዬን ለማን ልስጥ? ደብዳቤውን ሰው ፊት ነው የተቀበልኩት፤ አንብቤ ስጨርስ ያላወቁኝ ሴቶች አቀፉኝ።

አስሊ ዴቆን በላክኋት በሁለት ሳምንቷ በእግሯ መጣች። ልጆቿን አቅፋ ከጠገበች በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄዋ፣ «በሩ የመታው የዴቆ ዓይንስ?» ነበር። ጥላ እንደመጣባትና ወደ እናንተ እንደላክኋት ስነግራት ሸማዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አሁን ከድንኳኔ በር ላይ ተራ የምታስይዘው እሷ ናት። መነጽር ዓይን ያጠፋል ያለ ሁሉ ከእሷ ጋር ነው የሚጣላው።

ሳጥኑን ድንኳን ውስጥ ዘርግቼዋለሁ። ጠዋት እለካለሁ፤ ልጆቹን ከቀትር በፊትም በኋላም ሜዳ ላይ አውጥተን አስሊ ስታጫውታቸው ትውላለች። መነጽር ለሰጠሁት ሰው ሁሉ ሦስቱን ምልክቶች አስደግመዋለሁ። «ብልጭታ፣ ትንኝ፣ መጋረጃ።» ልጆቹ ገመድ ሲዘሉ ይሉታል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ካልቱን የምትባል ልብስ ሰፊ ሮጣ መጣች። ማይነስ ስምንት የሰጠኋት በጥር መጀመሪያ ነው። ትንፋሿ እየቆራረጠ፣ «አስተማሪ፣ ትንኙ መጣ» አለች። ወንድሟ «የቤታችን ሠርግ ይለፍ፣ ቅዳሜ ትሂድ» ይላል። አጎቴን አስታወስኩና ሁሉን ነገርኩት፤ ሃያ ሦስቱን ቀን፣ አቧራ ነው ያሉትን፣ ሐኪሙ ያላቸውን። ከዚህ በፊት ስማቸውን ጠርቼ አውርቼ አላውቅም ነበር፤ ያስከፋቸዋል እያልኩ። ወንድምየው ሰምቶ ሲጨርስ የሠርጉን በግ ሸጦ ለመንገድ አደረገላት። ከሰዓት በኋላ ሄደች። ትናንት ከአዲስ አበባ ወሬ መጣ፤ የተቀደደው ሳይላቀቅ ተዘጋላት። ክር በመርፌ ታስገባለች አሉ።

አጎቴ፣ የሰዎች ዓይን ነዎት ስልዎት ኖሬ፣ ዓይንዎ ሲጠፋ የምልዎት ቃል ያጣሁ መስሎኝ ነበር። አሁን የካልቱን ወንድም ሊያመሰግንዎት ድሬዳዋ እመጣለሁ ብሎ አድራሻ ተቀብሎኛል። ቆመው ይቀበሉት፤ በግ ይዞ ነው የሚመጣው።

ሌላ ብዙ የምጽፈው ነበረኝ። አስሊ ግን ድንኳኑን ከፍታ «አስተማሪ፣ አሥራ አራት ሰው ፀሐይ ላይ ነው» ትለኛለች። ልሂድ።

ሻምሶ